«ከፍታ» እና «መላወሻ»፦ ስለ መኪና እግር ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚታየን በመጽሐፍ ላይ ነው። ተርጓሚው ለአንድ የባዕድ ቃል አቻ ሲያጣ፣ ወይም መምህሩ ለተማሪው ማስረዳት ሲሳነው ቃል ጠፋ እንላለን። ይሁን እንጂ የቃል ጉድለት በመጽሐፍ ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ብረት ያጣምማል፣ የፍሬን ዘይትም ያፈሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እንዲህ ያለውን ጉድለት ነው። በገጠር መንገድ የሚሠራ መኪና እግሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ልክ ምን ተብሎ ይጠራል? እንዴትስ ይለካል? ስያሜው ከሌላ ነገር ስያሜ ጋር ሲደበላለቅስ ምን ያስከትላል?

ነገሩን ያስተዋልነው በአኖ ነው። አኖ ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል ወደ ነቀምት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባኮ ቀጥላ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ከተማ ናት። አውራ ጎዳናው መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከጎዳናው ተገንጥለው ወደ ገበሬው ቀበሌ የሚገቡት መንገዶች ግን በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ ጎማ የቦረቦረው ጭቃ ደርቆ የቀረበት ቦይ ናቸው። የተሳፈርንባት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ፒክአፕ ከጉዞው ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጋራዥ ገብታ ነበር። ባለቤቷ የጠየቀው የኋላ እግሯ «እንዲሻሻል» ነበር። ጋራዡም በባሌስትራውና በአክሱ መካከል 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ብረት አስገባ፤ ከባሌስትራውም ላይ አንድ ተጨማሪ ብረት ደረበ። መኪናዋ ከፍ አለች፤ ለዐይንም አማረች። ባለቤቷም ደስ ብሎት ከፈለ።

ከአኖ ወጥተን ከአስፋልቱ በተለየን ጊዜ ግን በመጀመሪያው ቦይ አንደኛው የኋላ እግር ሲንጠለጠል አሞርዛተሩ ከመያዣው ተገነጠለ። እግሩ ያለ ልክ በወረደ ጊዜ የፍሬኑ ጎማ ተወጥሮ ተቀደደ። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ገባ። ስፍራው ሜዳማ ስለ ነበር መኪናዋ በማርሽና በእጅ ፍሬን ቆመች። ያው ነገር ከነቀምት ወዲያ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሂስ የምንጽፍ አንሆንም ነበር።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። ባለቤቱ የጠየቀው ሥራ ተሠርቶለታል፤ ጋራዡም ያልታዘዘውን አልሠራም። ስሕተቱ የተፈጸመው ብረቱ ከመነካቱ አስቀድሞ፣ ሁለቱ ሰዎች ቆመው በተነጋገሩበት ጊዜ ነው። አንደኛው የፈለገው እግሩ የመንገዱን ጉድጓድ ተከትሎ እንዲወርድና እንዲወጣ ነበር፤ ሌላው የሰማው መኪናው ቁመት እንዲጨምር ነው። በመካከላቸው ሁለቱን ነገሮች የሚለይ ቃል አልነበረም።

ጋራዡ ያለው ቃልና የሌለው

የአገራችን ጋራዥ የቃል ድኻ አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከዚያም በፊት በኤርትራ በኩል፣ የገቡት የኢጣልያንኛ ቃላት ከእነ ዕቃቸው ሥር ሰደዋል። ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ፓራፋንጎ ለመካኒኩ የባዕድ ቃላት መሆናቸው ቀርቷል። ከፈረንሳይኛም ጋራዥና ሾፌር መጥተዋል። በየቀኑ በእጅ የሚነካ ዕቃ ሁሉ ስም አለው።

ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ባሌስትራ በኢጣልያንኛ አስቀድሞ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ስም ነበር፤ ተደራርቦ የታሰረው የመኪና ብረት ቀስት ስለሚመስል በዚያው ስም ተጠራ። እኛም ዘንድ ጥጥ የሚነደፍበት ደጋን በቅርጹም በአሠራሩም ከዚሁ ይቀራረባል። እንግዲህ አንድ የስያሜ ሠራተኛ ተነሥቶ «ባሌስትራ የባዕድ ቃል ነውና በደጋን ይተካ» ቢል ምሳሌው ሳያምር አይቀርም። ሆኖም እኛ አንደግፈውም። ባሌስትራን የማያውቅ መካኒክም ሾፌርም የለም፤ ሁሉ በሚግባባበት ቃል ላይ ሌላ ቃል መደረብ፣ በፒክአፓችን ላይ እንደ ተደረበው ብረት፣ ክብደት መጨመር ብቻ ይሆናል።

ጉድለቱ ያለው በእጅ በማይነካው ነገር ላይ ነው። ባሌስትራ ይነካል፤ አሞርዛተር ይነካል፤ እግሩ የሚንቀሳቀስበት ርቀት ግን አይነካም። የሚታወቀው በመለኪያ ብቻ ነው። ስም ያጣውም ስለዚህ ይመስለናል። ስም ባለማግኘቱም የሚታየው ጎረቤቱ፣ ማለት የመኪናው ቁመት፣ ቦታውን ወረሰው። «ከፍ ያለ መኪና» ሲባል ሰሚው «ለመጥፎ መንገድ የሚሆን መኪና» ብሎ ይረዳል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

የመለካቱ ሥራ

ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን በቃል ከመከራከር በሜትር ማሳየት ይቀላል። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ የጎማዎቹ አየር ይስተካከላል፤ ዘወትር የሚጭነውን ያህል ይጭናል። ከዚያ ከእግሩ እምብርት አንሥቶ በቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለው ርቀት ይለካል። ይህ የመጀመሪያው ልክ ነው። ቀጥሎ ሻንሲው በክሪክ ይነሣል፤ ጎማው መሬቱን ለቅቆ በነጻ እስኪንጠለጠል ድረስ ከፍ ይደረግና ያው ርቀት ይለካል። ይህ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ልክ እግሩ ወደ ላይ ገብቶ ከመቆሚያው ጎማ ጋር ሲገናኝ ያለው ነው፤ ይህም መኪናው ቆሞ ሳለ በአክሱና በመቆሚያው ጎማ መካከል ያለውን ክፍተት ለክቶ ከመጀመሪያው ልክ በመቀነስ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል የመጀመሪያው 52፣ ሁለተኛው 61፣ ሦስተኛው 44 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። እግሩ ከቆመበት ወደ ታች 9፣ ወደ ላይ 8፣ በጠቅላላው 17 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። አሁን እንደ ፒክአፓችን ባለቤት 8 ሴንቲ ሜትር ድፍን ብረት እናስገባ፤ አሞርዛተሩን ግን አንለውጥ። የመጀመሪያው ልክ ከ52 ወደ 60 ያድጋል። ሁለተኛው ግን እዚያው 61 ላይ ይቀራል፤ አሞርዛተሩ ከዚያ በላይ አይዘረጋምና። ሦስተኛውም 44 እንደ ሆነ ነው። የእንቅስቃሴው ድምር ያው 17 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ወደ ታች የሚወርደው ከ9 ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ተሟጠጠ። ቦይ ውስጥ እግሩ የተንጠለጠለው፣ አሞርዛተሩም የተገነጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ቁመቱ ጨመረ፤ እግሩ ግን መሬት መከተል ተሳነው።

በውጭ አገር የዚህ ዐይነት መኪና አፍቃሪዎች የሚጠቀሙበት ሌላም መለኪያ አለ። አንደኛው የፊት እግር በ20 ዲግሪ በተዘነበለ መወጣጫ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ከቀሩት እግሮች አንዱ መሬቱን ሊለቅ ሲል መኪናው ይቆማል። እግሩ በመወጣጫው ላይ የተጓዘው ርዝመት በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ላለው ርቀት ይካፈልና በ1000 ይባዛል። በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል 318 ሴንቲ ሜትር ያለው ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር 79 በመወጣጫው ላይ 159 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ ውጤቱ 500 ይሆናል። በዚህ ስሌት ውስጥ የመኪናው ቁመት ፈጽሞ አይገባም። ለእኛ ሙግት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

«ማሻሻል» የሚለው ቃል የሚሸፍናቸው ሦስት ሥራዎች

ሁለተኛው የምንነቅፈው ቃል «ማሻሻል» ነው። ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በጋራዡ አፍ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አድርጎ ይሸፍናል።

አንደኛው ከፍ ማድረግ ነው፤ ይህን ከላይ አይተናል። ሁለተኛው ማጠንከር ነው። ከባሌስትራው ላይ ብረት መደረብ ጭነት ለሚበዛበት አይሱዙ አግባብ ያለው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ባዶዋን ለምትውል ፒክአፕ ግን እግሩን ያደርቀዋል። የአንድ የባሌስትራ ብረት ጥንካሬ፣ ርዝመቱና ስፋቱ ሳይለወጥ፣ ከውፍረቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ በተባዛው ልክ ነው የሚያድገው። የ8 ሚሊ ሜትሩ ብረት 512 ቢሆን የ10 ሚሊ ሜትሩ 1000 ይሆናል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ጥንካሬው እጥፍ ያህል ሆነ ማለት ነው። እንዲህ የጠነከረ እግር 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ የሚገባበት ቦታ ቢኖረውም የሚያስገባው ክብደት አያገኝም። በወረቀት ላይ ያለው ርቀት በመንገድ ላይ የለም።

ሦስተኛው ሥራ፣ ባለቤቱ በእውነት የፈለገው፣ የእግሩን እንቅስቃሴ ማስፋት ነው። ይህ አንድ ዕቃ በመቀየር አይገኝም። ረዘም ያሉና ቀጠን ያሉ የባሌስትራ ብረቶች፣ ተዘርግቶም ተጨምቆም ከአዲሱ ልክ ጋር የሚስማማ አሞርዛተር፣ በቂ ርዝመት ያለው የፍሬን ጎማ ያሻል። ባሌስትራው ሲጫን ስለሚረዝም ጫፉን የያዘው ተወዛዋዥ ማንጠልጠያ ለዚህ ቦታ ያለው መሆኑ መታየት አለበት። ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግም እግሩ በወረደ ጊዜ ከመጋጠሚያው እንዳይወጣ መለካት ይገባዋል። ሞላም ቢሆን በስሙ ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ሬንጅሮቨር በ1970 እ.ኤ.አ. በአራቱም እግሮቹ በሞላ ተሠርቶ ሲወጣ፣ የላንድክሩዘር 70 ዘርም በ1999 እ.ኤ.አ. የፊት ባሌስትራውን በሞላ ሲተካ፣ እግሩ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ የተደረገው ሌላው ዕቃ ሁሉ አብሮ ተስተካክሎ ነው።

የስያሜ ሠራተኞች መንገድ

እንግዲህ ለዚህ ስም የለሽ ርቀት ስም እናውጣ ብንል ከፊታችን የተለመዱ መንገዶች አሉ። ሁሉንም እንፈትናቸው።

የመጀመሪያው የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል መመለስ ነው። እንዲህ ብናደርግ የምናገኘው «የእገዳ ጉዞ» ነው። ሰሚው ከሥራው ታግዶ መንገድ የወጣ ሰው መስሎ ይታየዋል። «ጉዞ» ብቻውንም አይሆንም፤ መኪናው ራሱ ተጓዥ ነውና የትኛው ጉዞ እንደ ሆነ አይለይም።

ሁለተኛው ወደ ግእዝ መሄድ ነው። «ሑረተ መንኰራኵር» ብንል ለጆሮ ግርማ ይኖረዋል፤ በሰዋስውም ነቀፋ አይገኝበትም። ግእዝ ለአማርኛ የሐሳብ ቃላት ያበረከተውን ውለታ አንክድም። ነገር ግን በዘይት በጨቀየ እጅ ክሪክ ይዞ ከመኪና ሥር የተኛ ሰው ይህን ቃል አይጠራውም፤ የማይጠራ የሙያ ቃልም ከመዝገቡ አይወጣም።

ሦስተኛው ከአማርኛ ግሥ ስም መፍጠር ነው። እግሩ ይወርዳልና ከ«ወረደ» እንነሣ። ውርደት ብንል ኀፍረት ነው፤ ወረዳ ብንል የአስተዳደር ክልል ነው፤ ውርጃ ብንል የሐኪም ቤት ነገር ነው። የግሡ እርባታ በየአቅጣጫው አስቀድሞ ተይዟል። «ምልልስ» ብንልም ሾፌሩ ስንት ጊዜ አሸዋ እንዳመላለሰ የሚቆጥርበት ቃል ነው። ይህ የሚያስተምረን እርባታን ብቻ ተከትሎ ቃል ማውጣት፣ ቃሉ በሕዝቡ አፍ የያዘውን ሥራ ሳይጠይቁ ቤት እንደ መግባት መሆኑን ነው።

የአማርኛ መርሐ ልሳን በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የስያሜ ሥራ ብዙ ፍሬ አፍርቷል። በአብዮቱ ዘመን እንደ «ወዛደር» ያለው ቃል ተስፋፍቶ ሕዝብ የለመደው ሬዲዮና ጋዜጣ ዕለት ዕለት ስለ ደጋገሙት ነው። የጋራዥ ቃል ግን ይህን የመሰለ አስተማሪ የለውም፤ በአፍ ተቀባብሎ መኖር አለበት። በአካዳሚው የተዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም ታላቅ የድካም ፍሬ ነው፤ ሆኖም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተሰናዳ በመሆኑ የሚረዳው የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ የሚመጣን ሰው ነው። በአኖ ያየነው ባለመኪና ይዞ የመጣው ግን የእንግሊዝኛ ቃል አልነበረም፤ በአማርኛ የተነገረ ፍላጎት ነበር።

«መላወሻ»

እኛ የምናቀርበው ቃል አዲስ አይደለም። ሰው በጠበበ ቤት ሲቀመጥ «መላወሻ የለውም» ይባላል፤ ገንዘብ ሲያጥረውም «መላወሻ አጣ» ይባላል። መላወሻ ማለት የታሰረ ነገር ከእስራቱ ሳይወጣ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው። የመኪና እግርም እንዲሁ ነው፤ በባሌስትራ ታስሯል፣ በአሞርዛተር ተይዟል፣ ሆኖም በልኩ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጠቅላላው ርቀት «የእግር መላወሻ» ይባል። ወደ ላይ ያለው «የመግቢያ መላወሻ»፣ ወደ ታች ያለው «የመውረጃ መላወሻ» ይሁን። «ይህች መኪና ከፍ ብላለች፤ የመውረጃ መላወሻ ግን የላትም» ቢባል ሾፌርም መካኒክም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ቃሉ እንከን የለበትም አንልም። አንድ መካኒክ «መላወሻ» ሲሰማ የላላ ኩሽኔታ ወይም የተበላ መጋጠሚያ ሊታሰበው ይችላል፤ እዚያ ላይ መንቀሳቀስ ጉድለት እንጂ ጥቅም አይደለም። ስለዚህ «የእግር» የሚለው ቅጽል ከቃሉ እንዳይለይ፣ የመጋጠሚያውም ጉድለት «መላላት» ተብሎ እንዲጠራ እናሳስባለን።

ሌላው ጥያቄ የወለጋን ጋራዥ ከሌላው ይለየዋል። በአኖም ሆነ በነቀምት መካኒኩ ከደንበኛው ጋር አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገረው በኦሮምኛ ነው። ባሌስትራና ጎማ በሁለቱም ቋንቋዎች ይሠራሉ፤ መላወሻ ግን የአማርኛ ብቻ ነው። በኦሮምኛ «ኦል» ወደ ላይ፣ «ገዲ» ወደ ታች ማለት ነውና ሁለቱን መላወሻዎች ለመለየት መነሻው በቋንቋው ውስጥ አለ። ስያሜውን ማውጣት የቋንቋው ባለሙያዎችና ተናጋሪዎች ሥራ ነው፤ እኛ የምንለምነው ልዩነቱ በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲጠበቅ ብቻ ነው። ወለጋ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ የኖረውና በ1931 እ.ኤ.አ. ያረፈው በነቀምት ነው። የሥራ ባልደረባው አስቴር ጋኖ ከቃል ያሰባሰበችው ሀብት ለዚያ ሥራ መሠረት ሆኖታል። እነርሱ ቃልን የፈለጉት አስቀድሞ ከሕዝቡ አፍ ነበር።

በመጨረሻም ለመዝገብ የሚሆነውን አጻጻፍ እንደሚከተለው እናቀርባለን። ለሙያ ቃል ፍቺ ብቻ አይበቃም፤ አለካኩም አብሮ መጻፍ አለበት።

የእግር መላወሻ፦ የመኪና እግር ከመጨረሻው የታችኛ ወሰን እስከ መጨረሻው የላይኛ ወሰን የሚንቀሳቀስበት ርቀት። እግሩ ተንጠልጥሎ ከተገኘው ልክ እግሩ ገብቶ የተገኘውን ልክ በመቀነስ ይታወቃል።

የመግቢያ መላወሻ፦ መኪናው በዘወትር ጭነቱ ከቆመበት እግሩ ወደ ላይ እስከ መቆሚያው ጎማ የሚገባበት ርቀት።

የመውረጃ መላወሻ፦ መኪናው በዘወትር ጭነቱ ከቆመበት እግሩ በነጻ ተንጠልጥሎ ወደ ታች የሚወርድበት ርቀት።

ከፍታ፦ መኪናው በቆመበት ከእግሩ እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለው ርቀት። ከፍታ ሲጨምር መላወሻ ጨመረ አይባልም።

ማጠንከር፦ ባሌስትራው ወይም ሞላው በአንድ ዐይነት ክብደት ከበፊቱ ያነሰ እንዲተጣጠፍ ማድረግ።

በየአካባቢው ያሉ አንባብያን በጋራዦቻቸው ለዚህ ርቀት የሚሠራበት ሌላ ቃል ሰምተው እንደ ሆነ፣ ቃሉን ከነተሰማበት ስፍራና ከነአነጋገሩ እንዲልኩልን እንለምናለን። ከመካኒኩ አፍ የተገኘ የተሻለ ቃል ካለ «መላወሻ»ን ያለ ቅሬታ እንተዋለን። እስከዚያው ግን መኪናውን ወደ ጋራዥ የሚያስገባ ሰው «አሻሽሉልኝ» ከማለቱ በፊት ሜትር ይዞ ሦስቱን ልኮች ይለካ፤ ከዚያም ከፍታ፣ ጥንካሬ ወይስ መላወሻ እንደሚፈልግ ለይቶ ይናገር።